ደማቸው የማይገጥም ለጋሾች

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፉሪ፣ እህቴ በተከራየችው ቤት ሳሎን ውስጥ የነበርነው ስምንት ነን። በተቀመጥንበት ተራ ልጻፈው። ትልቁ ሶፋ ላይ፣ ከበሩ በኩል፣ የእህቴ ባል አባት፤ ከሱሉልታ የመጡ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፣ የእኛም ወገን በኦሮምኛ «ኦቦ» ነው የሚላቸው፣ «አቶ» እንደማለት። ከጎናቸው እናቴ። ከእናቴ ቀጥሎ አጎቴ፣ የእሷ ታናሽ ወንድም፣ ሰበታ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው። ትንሹ ሶፋ ላይ አክስቴ፣ የሟቹ አባቴ እህት፣ ቡራዩ የምትኖር የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። በርጩማ ላይ የእህቴ ባል፤ ከሰበታ አየር ጤና ሚኒባስ ይነዳል። ፍራሽ ላይ እህቴ። እቅፏ ውስጥ ዘጠኝ ወር ሊሞላት አራት ቀን የቀራት ልጇ። ስምንተኛው እኔ ነኝ፤ ኩሽናው በር አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ ላይ ደብተር ዘርግቼ።

የምሠራው ሰበታ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ እንግሊዝኛ ደብዳቤ ለመጣበት ሰው አነብለታለሁ። እንግሊዝኛውን ያስተማረኝ የለም፤ ከመድኃኒት ወረቀት፣ ከማሽን መመሪያና ከስልኬ ነው የለቀምኩት። ስለዚህ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ማንም አልመረጠኝም። ማንም ደግሞ የያዝኩትን ቃለ ጉባኤ አንብቦ አያውቅም።

የተሰበሰብነው ለአንድ ጉዳይ ነበር። ሕፃኗ ስትወለድ የሐሞት ቱቦዋ ዝግ ነበር፤ ሐሞቱ መውጫ ሲያጣ ጉበቷን በላው። ዓይኗ ቢጫ መሆኑን ቀድማ ያየችው እህቴ ናት። የሰፈሩ ሰው ግን «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂያት» አላት። ፉሪ ላይ ፀሐይ ሞልቷል። ሦስት ወር ሙሉ አሞቀቻት። ሆስፒታል ስትደርስ ቱቦውን በቀዶ ሕክምና ለመክፈት ጊዜው አልፏል ተባለች። የቀረው መንገድ ከአንድ አዋቂ ሰው ጉበት ትንሽ ቆርጦ ለእሷ መስጠት ነው። የሰጪው በወራት ውስጥ ተመልሶ ያድጋል፤ ሥራው የሚሠራው ህንድ ነው። ለጉዞው የሚሆነው ገንዘብ እንዴት እንደተገኘ አልጽፍም፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ሐኪሟ ግን ሰጪ ካልተገኘ ሁለተኛ ዓመቷን አትደፍንም ብላ በግልጽ ነግራናለች።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቅዳሜ ሁላችንም ሰበታ አንድ ክሊኒክ ሄደን ደማችንን ተመረመርን። ኦቦ ሳይቀሩ ከሱሉልታ ሦስት ታክሲ ቀይረው መጡ። የሕፃኗ ደም ኦ ነው። ኦ ደግሞ የሚቀበለው ከኦ ብቻ ነው ተባልን። ከእኛ ውስጥ ኦ የሆኑት ሁለት ናቸው፤ ኦቦና እናቴ። ኦቦ ዕድሜያቸው አይፈቅድም። እናቴ አሥራ ሁለት ዓመት የኖረ ስኳር አለባት። የእህቴ ባል ቢ ነው፤ በዚያ ላይ የጉበት ቫይረስ ተገኘበት፣ እሱም ያወቀው ያን ቀን ነው። እህቴ ኤ ናት፤ በዚያ ላይ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ እሷም ያወቀችው ያን ቀን ነው። አጎቴ ኤ። አክስቴ ኤቢ። እኔ ቢ።

አክስቴ ወረቀቶቹን ደርድራ እንደ ፈተና ካየች በኋላ «ኤ እና ቢ ተጋብተው ኦ ይወልዳሉ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ክፉ አስባ አይደለም፤ ለማወቅ ነው። የእህቴ ባል ግን ቀና አለ። ደብተሬ ላይ አራት ማዕዘን ሠርቼ፣ እሱ ከአባቱ የተደበቀ ኦ፣ እህቴ ከእናቷ የተደበቀ ኦ እንደያዙ፣ ሁለቱ የተደበቁት ሲገናኙ ኦ እንደሚወለድ አሳየሁ። ኦቦ ሥዕሉን ተቀብለው አገላብጠው አዩና ልጅቷ የእሳቸው መሆኗን ለማወቅ ጆሮዋን ማየት ብቻ ይበቃ እንደነበር ተናገሩ።

ከዚያ መነሣት ተጀመረ። ይህን ማስረዳት አለብኝ። በእኛም በሱሉልታዎቹም ወገን ትልቅ ነገር እሰጣለሁ የሚል ሰው ቁጭ ብሎ አይናገርም። ይነሣል፣ ይናገራል፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ሰው እጁን ዘርግቶ ይመርቀዋል፣ የተቀመጠው ሁሉ አሜን ይላል። አሜን ከተባለ ቃሉ ከአፍ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ ማጠፍ ነውር ነው። ሰው ሊሰጥ የሚችለውን መርምሮ የሚነሣውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የተነሣው አጎቴ ነው። ኮቱን ቆለፈ። «እኔ ጉበቴን ሰጥቻለሁ። ሙሉውን ቢፈልጉ ሙሉውን ይውሰዱት» አለ። ደሙ እንቢ ካለ የእግዜር ሥራ እንጂ የእሱ እንዳልሆነም ጨመረ። ኦቦ መረቁት፤ አሜን አልን። ቀጥላ አክስቴ ተነሣች። ልጅ እንደሌላት፣ ልጇ ይህቺ ሕፃን መሆኗን፣ የእሷ ጉበት በእሷ ሆድ ውስጥ ከሚቀመጥ በሕፃኗ ሆድ ውስጥ ቢቀመጥ እንደምትመርጥ ተናግራ አለቀሰች። ሁለት ጊዜ አለቀስኩ ትላለች፤ እኔ የጻፍኩት አንድ ጊዜ ነው። ኦቦ መረቋት፤ አሜን አልን።

ከዚያ እኔ እስክሪብቶዬን ደብተሩ መሐል አስቀምጬ ተነሣሁ። ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። «እኔም እሰጣለሁ» አልኩ። ሁለት ቃል ነው። ኦቦ እጃቸውን ከሌሎቹ ይልቅ ለእኔ ረዘም አድርገው ዘረጉ፤ ወጣት ስለሆንኩ ይሆናል። «ዋቀዮ ሲ ሃ ኤቢሱ» አሉኝ። እግዜር ይባርክህ ማለት ነው። አሜን ተባለ። ስቀመጥ ደረቴን ሞቅ አለኝ። ጥሩ ሰው መሆን እንዲህ ቀላል መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ «ቢ» የሚል ወረቀት ነበር።

እናቴ ሦስታችንንም አንድ በአንድ ሳመች።  ሕፃኗ ራሷን ታካለች፤ ሐሞቱ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያሳክካት። እንዳትቧጭረው እህቴ እጆቿን በካልሲ ሸፍና አንጓዋ ላይ በክር ሰፍታላት ነበር።

ስህተቱን የሠራሁት በማግስቱ ነው። ህንድ ያለው ሆስፒታል ፎርም ልኮ ነበር። አንዱ ጥያቄ «ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ የቤተሰብ አባላት» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን «የለም» ብሎ ያልፈው ነበር፤ የሚገጥም አልነበረማ። እኔ ግን የተጠየቅኩትን ነው የምመልሰው። ጥያቄው የሚገጥም አይልም፤ ፈቃደኛ ነው የሚለው። አጎቴን፣ አክስቴንና ራሴን ከነዕድሜያችን፣ ከነክብደታችንና ከነደም ዓይነታችን ጻፍኩ። በዚያም አልበቃኝም፤ ቃለ ጉባኤውን ተርጉሜ አያያዝኩ። «ሙሉውን ቢፈልጉ ሙሉውን» የሚለውን ለመተርጎም ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

መልሱ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱቁን እንደከፈትኩ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ነው። አራት ጊዜ አነበብኩት። ሐኪሙ ለሦስቱ ለጋሾች አክብሮቱን ገልጿል። ከዚያ እንዲህ የሚል አንቀጽ አለ። ሰው የራሱ ያልሆነውን የደም ዓይነት የሚያጠቁ ተከላካዮችን በደሙ ውስጥ ያመርታል፤ ለአዋቂ የማይገጥም ደም አደገኛ የሚሆነው በእነሱ ምክንያት ነው። ሕፃን ግን እነዚህን የሚያመርተው ከተወለደ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። በዚህች ልጅ ዕድሜ ገና ጥቂት ናቸው፤ በምርመራ ይለካሉ፤ ጥቂት ሆነው ከተገኙ ደሙ የማይገጥም ሰው ጉበትም ሊሰጣት ይችላል። ዕድሜዋ በገፋ ቁጥር እየበዙ ስለሚሄዱ ግን መዘግየት አይገባም። መጨረሻው ጥያቄ ነው። ከሦስታችሁ ማን ነው የሚመጣው?

ደብዳቤውን ማንበብ የሚችል በቤተሰቡ ውስጥ ከእኔ በቀር የለም። አክስቴ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ግን ሦስተኛ ክፍልን ነው።

ማክሰኞ ለማንም አልተናገርኩም። «ሊሰጣት ይችላል» የሚለው ቃል ይቻላል ማለት ነው ወይስ ምናልባት ማለት ነው ብዬ ስመረምር ዋልኩ። ረቡዕ ጠዋት እህቴ ደውላ መልስ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ገና ነው አልኳት። ትርጉሙን ሳላጣራ መናገር ለእሷም ጥሩ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ራሴን ለማሳመን የወሰደብኝ ጊዜ ለአንድ ማመልከቻ ከሚወስድብኝ ያነሰ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሕፃኗን አዝላ ራሷ ሱቁ መጣች። ለፓስፖርት ፎቶ አስነሥታት ነበር የመጣችው፤ ፎርም እንድሞላላት ፈልጋ ነው። ፎቶ አንሺው ልጅቷን አይቶ በኮምፒውተር ቢጫውን ላጥፋው ወይ ብሎ እንደጠየቃት ነገረችኝ። እንደ ቀልድ ነው የምታወራው። ቢጫው ጠፍቶ ነጭ ሆና እንዳየቻት፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ስክሪኑን ዝም ብላ እንዳየችው፣ ከዚያ ኤርፖርት ላይ ሌላ ልጅ ናት እንዳይሏት ብላ መልሰው እንዳለችው። ፎቶውን ፎርሙ ላይ አስቀመጠችው። ካልሲ የለበሱት እጆች ከነጠላዋ ወጥተው ትከሻዋን ይዘዋል።

«መልስ መጥቷል» አልኩ።

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

አልተቆጣችም። ፎቶውን ከፎርሙ ጋር እያስተካከለች «ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ማሙሽ» አለች። ከዚያ አንብብልኝ አለችኝ። አነበብኩላት፤ በዚህ ጊዜ አንድም ቃል አላጠራጠረኝም።

በእሑዱ እንደገና ተሰበሰብን። እነዚያው ስምንት ሰዎች፣ ያው አቀማመጥ፤ አጎቴ ብቻ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ነበር። ደብዳቤውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አነበብኩ። 

አጎቴ ህንዶቹ ነገሩን በደንብ አጥንተውት እንደሆነ ጠየቀ። ብዙ ዓመት የተሠራበት መሆኑን ደብዳቤው እንደሚል ነገርኩት። እንደዚያ ከሆነ ደስ እንዳለው፣ ግን ባለፈው ሲሚንቶ ሲያወርድ ወገቡ እንደተቆረጠ ተናገረ። እናቴ ሲሚንቶ የሚያወርዱለት ሠራተኞች አይደሉም ወይ አለችው። ቆሞ ሲያያቸው እንደሆነ አስረዳ።

የእህቴ ባል ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ጋሼ፣ ሙሉውን ቢፈልጉ ሙሉውን ብለው ነበር፤ እነሱ የፈለጉት ሩቡን ነው።»

አክስቴ ደግሞ ሌላ ነገር አነሣች። የአጎቴ ኤ ለሕፃኗ አንድ እንግዳ ነው፤ የእኔም ቢ አንድ እንግዳ ነው፤ የእሷ ኤቢ ግን በአንድ ጊዜ ሁለት እንግዳ ነው፤ ለልጅቷ ብላ እንጂ ለራሷ ብላ አይደለም። በዚያ ቀን ከተነሡት ክርክሮች በሳይንስ ሊቆም የሚችለው ይሄ ብቻ ስለነበር በሙሉ ጽፌዋለሁ። ጨጓራዋን ግን ቀጥላ ባታነሣው ጥሩ ነበር።

አጎቴ ዕጣ እናውጣ አለ። እናቴ ለጉበት ዕጣ አይወጣም አለች። አጎቴ እሱ ከሚወስን እግዜር ቢወስን እንደሚሻል ተከራከረ። ኦቦ ከዘራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ። «ልጆቼ» አሉ፣ «እኔ የመረቅኩት ሰው ነው እንጂ የደም ዓይነት አይደለም። እኔን ደሜ ሳይሆን ዕድሜዬ ነው የከለከለኝ፤ አልተነሣሁም፣ ምርቃትም አልወሰድኩም። የተነሣችሁት ሦስት ናችሁ።»

ሁላችንም መሬቱን አየን። እኔ ደብተሬን ነው ያየሁት፤ ያው ነው።

የቀረውን እንደነበረ መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም አጎቴ ዛሬ ሱቁ ላይ ሲያወራው ሌላ ነው የሚመስለው። ቀና ስል እህቴ ታየኛለች። ወደ አጎቴም ወደ አክስቴም አይደለም። ማክሰኞን ለማንም አልተናገረችም። ደብዳቤው መቼ መጣ ብላ እናቴ ስትጠይቅ «በዚህ ሳምንት» ብላ የመለሰችው እሷ ናት። ሁለቱን ቀን ይዛልኝ ተቀምጣለች፤ እኔም እሷ እንደያዘች አውቃለሁ። ጀግንነት ስለነበረኝ ተነሣሁ የሚል ካለ አልነበረም። ያ አስተያየት ላይ ተቀምጦ መቆየት ከቢላዋው ይበልጥ ስለከበደኝ ነው።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

ወዲያው የሁሉም ጤና ተመለሰ። አጎቴ እሱም ልሄድ ነው እያለ እንደነበር፣ ወገቡም ቢሆን በዝንጅብል ሻይ እንደሚሻለው ተናገረ። አክስቴ ወጣት ጉበት ለወጣት ጉበት ይስማማል ብላ ሳመችኝ። ኦቦ ድጋሚ አልመረቁኝም፤ አንዴ ይበቃል አሉ።

የሄድነው አራት ነን፤ እህቴ፣ ሕፃኗ፣ እኔና አክስቴ። ስለ አክስቴ እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ይህንንም ማንበብ አለበት። ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ስትከለከል ያለ ፈቃድ መጣች። ሰባት ሳምንት ሙሉ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና ለቆሰለ ሰው አንድ ኩሽና ውስጥ አበሰለች። እኔ መታጠፍ ሳልችል እግሬን ያጠበችው እሷ ናት። ጉበቷን ካልሆነ በቀር ያልሰጠችው ነገር የለም፤ ጨጓራዋንም አንድ ቀን አላመማትም።

እዚያ የሕፃኗ ደም ተለካ። ተከላካዮቹ ጥቂት ናቸው ተባለ። ሐኪሙ አጭር ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ብትዘገዩ ኖሮ ይበዙ ነበር አለኝ። ሁለት ቀን ምን ያህል ለውጥ ያመጣል ብዬ ጠየቅኩት። ለምን ሁለት ቀን እንዳልኩ አልገባውም። ፈገግ ብሎ ሁለት ቀን ምንም አይደለም አለኝ። ለእህቴ አልተረጎምኩላትም።

ቀዶ ሕክምናው ረቡዕ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አስገቡኝ። ሲያስተኙኝ ቁጠር አሉኝ፤ በአማርኛ ቆጠርኩ፣ አራት ላይ ደረስኩ። ስነቃ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ነበር። መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ሕፃኗ ነው ይላሉ፤ አክስቴ ግን መጀመሪያ የጠየቅኩት ሰዓት ስንት እንደሆነ ነው ትላለች። እሷን አምናለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሕፃኗ ዓይን ነጣ። እህቴ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ አየቻት፤ ከዚያ መቀስ ጠይቃ ከአንጓዋ ላይ ክሩን ቆርጣ ካልሲውን አወለቀች። ሕፃኗ ጣቶቿን እንደ አዲስ ዕቃ ታያቸው ነበር። እህቴ ያኔ ነው «ማክሰኞውን እርሳው» ያለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ዛሬ ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ነው። ደሟ ኦ ነው፣ ጉበቷ ቢ ነው፣ ሁለቱ እስካሁን አልተጣሉም። መድኃኒቷን ጠዋትና ማታ በሰዓቱ ትውጣለች፤ በየጊዜው ደሟ ይለካል፤ በተለካ ቁጥር ውጤቱን የማነበው እኔ ነኝ፣ በመጣበት ደቂቃም እደውላለሁ። ሱሉልታ ስትሄድ የኦቦን ዶሮዎች ታባርራለች። አጎቴ ለደንበኞቹ ያኔ ከሁሉም ቀድሞ የተነሣው እሱ እንደሆነ ይናገራል። እውነት ነው፤ ተጽፏል።

ያልተጻፈው ያ ረቡዕ ነው። ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አሥር ሰዓት ከሃያ ያለውን እኔ አላውቀውም፤ ማንም ደግሞ ቃለ ጉባኤ አልያዘም። አክስቴ ስለ ሆስፒታሉ ኮሪደር ሦስት ጊዜ ነግራኛለች፤ ሦስቱም አይገናኙም። እህቴ ስጠይቃት ወንበሩ ይቀዘቅዝ ነበር ብቻ ትላለች። ፉሪም በዚያ ቀን ሰው እንደነበር አውቃለሁ፤ እናቴ፣ ኦቦ፣ የእህቴ ባልና አጎቴ ስልኩን መሐል አስቀምጠው ሲጠብቁ ውለዋል። አጎቴ ያን ቀን ሱቁን እንደዘጋ፣ ምሳም እንዳልበላ ከሌላ ሰው ሰምቻለሁ፤ ራሱ ግን አያወራውም። ስልኩ ስንት ሰዓት ጠራ? ማን አነሣው? መጀመሪያ የተጠየቀው ስለ ማን ነበር፣ ስለ እሷ ወይስ ስለ እኔ? እዚያ የነበራችሁ፣ ይህን ስታነቡ የተሳሳትኩትን አርሙ፤ የጎደለውንም በቃል ሳይሆን በወረቀት ጻፉልኝና ሱቁ አምጡልኝ። ደብተሩ ላይ ለዚያ ቀን አራት ገጽ ባዶ ትቻለሁ፤ ካልበቃ እጨምራለሁ።